የጋሽ ሦስት ስድስተኛ ምርጫ

የማተሚያ ቤቷ ባለቤት የምርጫ ሰሞን መድረሱን የምታውቀው ከሬዲዮ ሳይሆን ከወረቀት ነው። ዓመቱን ሙሉ የደረሰኝ ጥራዝና የጥሪ ካርድ ሲያትም የሚኖረው አንድ ለእናቱ የሆነ ማሽኗ፣ በአምስት ዓመት አንዴ የሰው ፊት ማተም ይጀምራል። ዕጩዎቹ በየተራ ይመጣሉ። አንዱ ሽበቴን አጥቁሪልኝ ይላል፣ ሌላው የግንባሬን መስመር አጥፊልኝ ይላል፣ አንዱማ አንገቱን እንድታረዝምለት ለምኗት ያውቃል። እሷም ሳትስቅ እንደየፍላጎታቸው ታስተካክልላቸዋለች። የምትስቀው ከወጡ በኋላ ነው።

ፎቶ ይዘው መጥተው የማያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እኚህ ሰው ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አካባቢውን ወክለው ምክር ቤት ሲቀመጡ፣ በየምርጫው ይዘውላት የሚመጡት ከደብተር የተገነጠለ አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ በእጃቸው የጻፉት ሦስት መስመር አለ። ብትመርጡኝ የምሠራው ይህን ነው ይልና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ያበቃል። ይህንንም ጨምሩልን ብሎ የሚለምናቸው ሲመጣ፣ ሦስቱን ሳልጨርስ አራተኛ ብጽፍ እናንተኑ መዋሸት ነው ይሉታል። አገሬው የወጣላቸውን ስም ትቶ ጋሽ ሦስት ያላቸው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ኋላ የምክር ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር በዚሁ ይጠራቸው ጀመር፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ።

የተሠራው ነገር በሚቀጥለው ምርጫ ወረቀት ላይ መስመር ተሰርዞበት ይወጣል፤ ያልተሠራው ሳይሰረዝ ይደገማል። የወንዙ ድልድይ ሁለት ምርጫ ሙሉ ሳይሰረዝ ቆይቶ ነበር። ያኔ ማተሚያ ቤቱን የሚያስተዳድረው ባሏ፣ ይህን ነገር ብንተወው አይሻልም፣ ሰው ይታዘብዎታል ብሎ ቢመክራቸው፣ ጭራሽ ከጎኑ "እስካሁን አልተሳካልኝም" የሚል እንዲጨምርበት አዘዙት። ባሏ እስከ ዕለተ ሞቱ ይህን እያነሳ ይስቅ ነበር። ድልድዩ በሰባተኛው ዓመት ተሠራ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም ተሠራ። ከዚያ በየጤና ጣቢያው አንድ አዋላጅ እንድትመደብ ስምንት ዓመት ደጅ ጠኑ፤ እሱም ሆነ።

እሷ ትወዳቸዋለች፣ ግን ቅር የሚላት ነገርም አለ። ማተሚያ ቤቷ ያለበት ሰፈር የውሃ መውረጃ ቦይ የለውም። ዝናብ በጠና ቁጥር ጎርፉ በበሩ ገብቶ በኋላ በር ይወጣል። ወረቀቷን ጡብ ደርድራ እላዩ ላይ ትቆልላለች፤ እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ የታችኛው ረድፍ ይበሰብስባታል። ሦስት ጊዜ ነግራቸዋለች። ሦስቴም፣ ከአዋላጆቹ በኋላ ብለዋታል።

በስድስተኛው ምርጫ የጋሽ ሦስት ሦስተኛ መስመር አቧራ ነበር። ከከተማው ጫፍ፣ ሰዉ ክሬሸር የሚለው ትልቅ የድንጋይ መፍጫ አለ። ድንጋዩ ሲፈጭ የሚነሳው አቧራ ዛፉን፣ ጣሪያውን፣ የሠራተኛውን ቅንድብ ነጭ አድርጎታል። ጋሽ ሦስት ማንኛውም መፍጫ ድንጋዩ ላይ ውሃ ሳይረጭ እንዳይሠራ የሚያስገድድ ሕግ ሁለት ጊዜ ለምክር ቤቱ አቅርበው፣ ሁለቱንም ጊዜ ቋሚ ኮሚቴው ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል። በወረቀቱም ላይ "እስካሁን አልተሳካልኝም" ከሚል ቃል ጋር ተደግሞ ወጣ።

ተቀናቃኛቸው ወጣት ነጋዴ ነበር። ገንዘብ አልቸገረውም። ድምፅ ማጉያ የተጫነባቸው ሁለት መኪኖች ከጠዋት ጀምሮ ከተማውን ይዞራሉ፤ ፊቱ ያልተለጠፈበት የመብራት ምሰሶ የለም። የጋሽ ሦስት የምርጫ ጽሕፈት ቤት ከፀጉር አስተካካዩ ጎን የተከራዩት አንዲት ክፍል ናት። ለምርጫቸው ከአንድ ሰው ከአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ክፍያ በላይ አይቀበሉም፤ ማን ምን ያህል እንደሰጠም በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ። ፀጉር አስተካካዩ የግማሽ ቀን፣ የዳቦ ቤቷ እመቤት የአንድ ቀን፣ ጡረተኛው መምህር የሩብ ቀን። ሰው እግረ መንገዱን ቆም ብሎ ያነባል፤ ጎረቤቱ ከሱ በልጦ ሲያገኘው ተመልሶ የሚጨምርም አይጠፋም። እንዲያም ሆኖ ተጠራቅሞ በጥቁር ቀለም ሁለት ሺህ በራሪ ወረቀት ከማሳተም አያልፍም።

የድንጋይ መፍጫው ኩባንያ ጉዳይ አስፈጻሚ ማተሚያ ቤቱን የረገጠው እንዲህ ባለው ሰሞን ነው። ለስላሳ አነጋገር ያለው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። ወንበር ስትሰጠው በመሐረብ ጠርጎ ተቀመጠ። ኩባንያው ጋሽ ሦስትን እንደሚያከብር፣ እኚህን የመሰሉ ሰው በአንድ ልጅ እግር ነጋዴ ሲሸነፉ ማየት እንደማይፈልግ ነገራት። ስለዚህ ስምንት ሺህ ባለ ቀለም ፖስተር እንድታትምላቸው፣ ሙሉ ክፍያውንም ዛሬውኑ እንደሚሰጣት አስረዳት። ምን እንዲያደርጉላችሁ ነው ብላ ብትጠይቀው፣ ምንም አለ። ደረሰኙ ላይ "ደጋፊዎች" ብላ ብትጽፍ ይበቃል። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ እነሱ ዘንድ የሚሠራው ወንድሟ ጎበዝ የማሽን ኦፕሬተር መሆኑን፣ ወደ ቢሮ ሥራ ሊያዛውሩት እያሰቡ መሆኑን እንደዋዛ ጣል አደረገላት።

ታናሽ ወንድሟ ክሬሸሩ ላይ ከስምንት ዓመት በላይ ሠርቷል። የሚኖረው ከሷ ግቢ ጀርባ ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ጠዋት ጠዋት የሚያስለው ሳል በግድግዳው አልፎ ይሰማታል። አሁን ከአቧራው ሊወጣ ነው ብላ አሰበች። ደግሞም እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጋሽ ሦስት እንዳይሸነፉ ፈርታለች። ገንዘቡን ተቀበለች።

አራት ቀን አተመች። ትምህርት ቤቱ ሲመረቅ የተነሱትን ፎቶ ከጋዜጣ ቤት አስመጣች፤ ከሪባኑ ኋላ ቆመው ጥርሳቸውን ሳይደብቁ የሳቁበት ነው። አራቱ ቀለም አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበረ ፊታቸው ከማሽኑ ሲወጣ፣ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ እንደማታውቅ ታወቃት። እንዲደርቅ በየጠረጴዛው፣ በየመደርደሪያው ላይ ዘረጋችው። ማተሚያ ቤቱ በጋሽ ሦስት ሳቅ ተሞላ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እሳቸው በራሪ ወረቀታቸውን ሊወስዱ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን ቃኙት። ደስ ይላቸዋል ብላ ስትጠብቅ፣ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ይህን የከፈለው ማነው?" አሉ።

ደጋፊዎች መሆናቸውን ነገረቻቸው።

"ስማቸውን ንገሪኛ፣ ግድግዳው ላይ ልጻፋቸው።"

እሷ የደረቁትን ፖስተሮች መሰብሰብ ጀመረች። ጋሽ ሦስት የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀመጡና ክሬሸሩ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ይቆጡኛል ብላ ስትጠብቅ አንዱን ፖስተር አንስተው ብዙ አዩት። መስታወት እንዲህ አሳምሮ አሳይቷቸው እንደማያውቅ፣ ሟች ባለቤታቸው ብታየው ኖሮ ታሾፍባቸው እንደነበር ነገሯት። ከዚያ ፖስተሩን በቦታው መልሰው አስቀመጡት።

"ልጄ፣ ነገ ምክር ቤት ተነስቼ ስለ አቧራው ብናገር አፌን የሚይዘኝ የለም። ይህን አድርገንልህ ነበር የሚለኝም የለም። ግን እኔው ራሴ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ሳላውቀው ዝቅ አደርገዋለሁ። እኔ የምፈራው እሱን ነው።"

"ይሸነፋሉ እኮ ጋሼ" አለች።

"እሸነፍ ይሆናል።"

ያኔ ሃያ ዓመት ሆዷ ውስጥ የቆየው ነገር ገንፍሎ ወጣ። ለሌላው ሁሉ ደርሰው ለሷ አለመድረሳቸውን፣ በየዓመቱ ወረቀቷ ሲበሰብስ ቦይ ላስቆፍርልሽ ያላት ሰው አለመኖሩን፣ አሁን ደግሞ የመጣላትን ሥራ ከእጇ ሊያስጥሏት መሆኑን ዘረገፈችው። እሳቸው እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

"እውነትሽን ነው" አሉ በመጨረሻ። "ያንቺ ቦይ ሁልጊዜ አራተኛ እየሆነ ቀረ። አዋላጅ አጥታ የምትሞት ሴት ባየሁ ቁጥር፣ እሷ ትችለዋለች እያልኩ አንቺን ወደ ኋላ አደረግሁሽ። ተሳስቼም ይሆናል።"

በራሪ ወረቀታቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ አዲስ መስመር ተጻፈ፦ የድንጋይ መፍጫው ኩባንያ፣ ስምንት ሺህ ባለ ቀለም ፖስተር፣ አልተቀበልኩም። የሷን ስም አላነሱም። ከተማው ግን ትንሽ ናት፤ እስኪመሽ ወሬው ተዳረሰ።

ገንዘቡን ልትመልስ ወደ ኩባንያው ስትሄድ ወረቀትና ቀለም ላይ ያጠፋችውን ከራሷ ሞልታ ነበር። ጉዳይ አስፈጻሚው ምንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ቆጥሮ ተቀበለና እንዳመጣጧ በሰላም እንድትመለስ ተመኘላት። በማግስቱ ወንድሟን ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ አንስተው ከመፍጫው ሥር የሚፈሰውን ብናኝ በአካፋ እንዲያወጣ መደቡት። ከአቧራው ሁሉ የሚከፋው ቦታ ነው።

ወንድሟ ማታ ሲመለስ ሰላም ሳይላት አለፈ። በሦስተኛው ቀን ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ ለጋሽ ሦስቷ ክብር ብላ የልጆቹን እንጀራ እንደቆረጠችባቸው ነገራት። እሷም ከዚህ የተለየ ነገር እያሰበች አልነበረም።

ከምርጫው አንድ ሳምንት በፊት ጋሽ ሦስት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሕዝቡን ሰበሰቡ። እሷ ከኋላ ተቀመጠች። ወንድሟ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር መጥቶ፣ ጥያቄ ያለው ሲባል እጁን አወጣ።

"ሕጉ ቢወጣ ድርጅቱ ይዘጋል ይሉናል" አለ። "ቢዘጋ መቶ አርባ ሰው ነን። እርስዎ ያኔ ምን ያበሉናል?"

ጋሽ ሦስት ከመድረኩ ወርደው አጠገቡ ድረስ መጡ። አይዘጋም ብዬ ልምልልህ አልችልም አሉት። ግን ውሃ የሚረጩ ሦስት መፍጫዎችን በአውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው አይተዋል፤ ሦስቱም እየሠሩ ነው። የአንዱ ባለቤት፣ ውሃ መርጫው ለብቻው የሚገዛ ሳይሆን ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣ ዕቃ መሆኑን ነግሯቸዋል።

"የእናንተ ማሽን ሲመጣ አብሮት አልመጣም?" ብለው ጠየቁት።

ወንድሟ ዞር ብሎ አየ። በጎን በኩል ጉዳይ አስፈጻሚው ተቀምጧል። ወንድሟ አላውቅም ብሎ ቁጭ አለ። ጋሽ ሦስት ፊቱን አይተው ጥያቄውን አልደገሙትም፤ ወደ ሌላ እጅ ዞሩ። ስለ ኩባንያው በእንዲህ ያለ ቀን ብዙ ድምፅ የሚያስገኝ ነገር ሊያወጡ ሲችሉ ወንድሟን ማትረፋቸውን እሷ ከኋላ ሆና አየች።

ምርጫውን በሁለት መቶ አሥራ ሰባት ድምፅ አሸነፉ። ቀድሞ በሺዎች ነበር የሚያሸንፉት። ቆጠራው እስኪያልቅ ፀጉር አስተካካዩ የሦስት ሰው ፀጉር አበላሽቷል ተብሎ ተወራ። ፖስተሮቹን ከምርጫው በኋላ ለገበያ ነጋዴዎች በኪሎ ሸጠቻቸው፤ ለአንድ ዓመት ያህል ከተማው ውስጥ ሚስማርና ሳሙና በጋሽ ሦስት ሳቅ ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር። እሳቸውም አንድ ቀን የገዙት ቅመም በገዛ አፍንጫቸው ተጠቅልሎ እንደመጣላቸው ነግረዋት አብረው ሳቁ።

ሕጉ ለሦስተኛ ጊዜ ቀርቦ ቋሚ ኮሚቴው ምስክር ሊሰማ ሲል፣ ወንድሟ አንድ እሑድ ወደ ቤቷ መጣ። ከተጣሉ ወዲህ በሯን ረግጦ አያውቅም ነበር። ተቀመጠና አመጣጡን ነገራት። ውሃ መርጫው ከማሽኑ ጋር አብሮ መጥቶ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ፓምፑን፣ ቧንቧውን፣ የመርጫውን አፍ ሁሉ በአሥራ አንድ ሣጥን ያራገፈው እሱ ራሱ ነው። መትከሉ ሥራ ያስቆማል ተብሎ መጋዘን ውስጥ ከአሮጌ ጎማ ኋላ በሸራ ተሸፈነ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

"እዚያ አዳራሽ ጠየቁኝ፣ ዋሸኋቸው" አለ። "እሳቸውም ገባቸው። ቢያጋልጡኝ ይሻለኝ ነበር።"

ሄዶ መናገር እንዳለበት አልነገረችውም፤ ሚስቱን እንዲያማክር ብቻ ነገረችው። ሚስቱ አስቀድማ ሸሚዙን ተኩሳ ጨርሳ ነበር።

ምክር ቤቱ ሰፊ ጠረጴዛ፣ የደበዘዘ ምንጣፍና የማይዘጋ መስኮት ያለው አዳራሽ ነው። እሷም አብራው ሄደች። የኩባንያው ጠበቃ ውሃ መርጫ ከውጭ ለማስገባት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ፣ ኩባንያው እንደማይችለውና መዘጋቱ እንደማይቀር ግማሽ ሰዓት አብራራ። ወንድሟ ተጠራ። መጀመሪያ ስሙንና ሥራውን ዓይኑን ሳያነሳ ተናገረ። ስለ ማሽኑ መናገር ሲጀምር ግን እጁ ተፈታ፤ ብናኙ ከየት በኩል እንደሚወጣ በአየር ላይ እየሣለ አሳየ። ከዚያ ሣጥኖቹን ቆጠረላቸው፣ የሸራውን ቀለም ነገራቸው፣ ከጎማው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ሳይቀር ተናገረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠበቃውን ዞር ብላ አየችው። ጠበቃው ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር።

ኮሚቴው በማግስቱ መጋዘኑን ሊያይ ሲሄድ ሣጥኖቹ ከጎማው ኋላ እንዳሉ ነበሩ። አንዱ ሣጥን ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። ሕጉ ከዚያ በሰባተኛው ወር ጸደቀ። በውስጡም ጋሽ ሦስት ያስጨመሩት አንድ አንቀጽ አለ፦ በድንጋይ መፍጫ የሠራ ሰው ሁሉ ሳንባው በድርጅቱ ወጪ ይመረመራል።

ወንድሟ ከሥራ የተባረረው በመሰከረ በሳምንቱ ነው። ከዚያ ከእህቱ ጋር ወረቀት መቁረጥ ጀመረ። ማሽኑ ላይ ሲቆም እየተነጫነጨ ነው፤ ምላጩ ዶለዶመ፣ ወረቀቱ ረጠበ፣ ይህ ሥራ የሴት ነው ይላል። እሷም እንግዲህ አንተም ሴት ሆንክ ትለዋለች።

የምርመራው ቀን ጋሽ ሦስት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆመው ተገኙ። ወደ ሆስፒታሉ ሦስቱም በእግር ሄዱ። ራጅ ክፍሉ ፊት ለፊት ሰልፉ እስከ ደረጃው ወርዷል። ነርሷ የምክር ቤቱን ሰው አይታ ወደ ፊት እንዲያልፉ ብትጋብዛቸው፣ ተራችን ሲደርስ እንገባለን ብለው አመስግነው መለሷት። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። በመካከሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ አንገታቸው ወደ ወንድሟ ትከሻ ዘንበል አለ። እንዳይቀሰቅሳቸው ብሎ ሳሉን እየዋጠ ሳይነቃነቅ ተቀመጠ።

ሐኪሙ ፊልሙን በመብራቱ ላይ ሰቅሎ አሳያቸው። በቀኝ ሳንባው ላይ ጠባሳ አለ። አይድንም፤ ከአቧራ ከራቀ ግን አይብስበትም። ሐኪሙ ይህን ሲናገር ጋሽ ሦስት ፊልሙን ትክ ብለው ያዩ ነበር።

ወደ ግቢው ሲወጡ ቆም አሉ።

"ስምንት ዓመት ዘገየሁብህ" አሉት።

ጋሽ ሦስት የማይሆን መጽናኛ ንገረኝ ብለው እንዳልጠየቁት ወንድሟ ገብቶታል።

"ዘግይተውብኛል" አለ። "ግን ከኋላዬ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው አለ። አንዱ ትናንት ነው የተቀጠረው።"

ከዚያ፣ ፀሐዩ ይበልጥ ሳይበረታ እንሂድ ብሎ ክንዳቸውን ደገፈ። እሷ የራጁን ፖስታ ይዛ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ሄደች፤ ሁለቱም አካሄዳቸው ዝግ ያለ ስለነበር ልትቀድማቸው አልፈለገችም።